ለሞናርክ ቢራቢሮ ስምምነት ስንፈርም የምንሠራቸው ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ በሀይዌይ ዳር፣ በከፍተኛ ኃይል መስመር ስርና በጋዝ ቧንቧ ላይ ያለው መሬት ሲደመር በጣም ሰፊ ነው። ቤት አይሠራበትም፣ ትልልቅ ዛፍም አይፈለግበትም። ለሞናርክ ቢራቢሮ ግን ሁነኛ ቦታ ነው። የአገሪቱ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት በ2020 እ.ኤ.አ. ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቺካጎ ጋር የፈቃደኝነት ስምምነት ያወጣው ይህን አይቶ ነው። እስከ 26 ሚሊዮን ኤከር መሬት ለማካተት ታቅዷል። የመብራት ድርጅቶችና የመንገድ መሥሪያ ቤቶች አሁን ለቢራቢሮው የሚጠቅም ሥራ ይሠራሉ፤ ነገ ቢራቢሮው የመጥፋት አደጋ ያለባቸውን ዝርያዎች በሚጠብቀው ሕግ ስር ቢገባ ደግሞ ከተስማሙት በላይ ግዴታ አይጣልባቸውም።

የመጀመሪያው ስህተት «ሕጉ ሲመጣ እናያለን» ብሎ መቀመጥ ነው። በዚህ ስምምነት መመዝገብ የሚቻለው ቢራቢሮው በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ብቻ ነው። ሞናርክ እንዲገባ በዲሴምበር 2024 ሐሳብ ቀርቧል። አንዴ ከጸና በኋላ በዚህ በር መግባት የለም።

ሁለተኛው፣ የተመዘገበ መሬት ሁሉ የአበባ ማሳ መሆን አለበት ብሎ መደንገጥ። አይደለም! ሥራው በየዓመቱ የሚጠበቀው ከተመዘገበው መሬት በተወሰነ ድርሻ ላይ ነው። ብዙዎች ይህን ሳያነቡ ነው የሚሸሹት፣ ያሳዝናል።

ትልቁ ጥፋት ግን ያለጊዜው ማጨድ ነው። የሞናርክ አባጨጓሬ የሚበላው ሚልክዊድ የሚባለውን ተክል ብቻ ነው (ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፣ እኛ ጋ ጦቢያ ከሚባለው ቁጥቋጦ ጋር ዘመድ ነው)። እናቲቱ እንቁላሏን አንድ በአንድ ቅጠሉ ላይ ትጥላለች፤ ስለዚህ በሰሜኑ ክፍል ከሰኔ እስከ ነሐሴ ማጨጃው በሙሉ መስመሩ ላይ ካለፈ እንቁላሉም አባጨጓሬውም አብረው ይፈጫሉ፣ ማንም ደግሞ ሞቱን አያይም። ለአሽከርካሪ እይታ ሲባል የመንገዱን ጠርዝ ማጨድ ግድ ነው፣ እሱን ማንም አይከለክልም። የቀረውን ግን ውርጭ እስኪመጣ ተዉት። ደቡብ ላይ፣ ለምሳሌ ቴክሳስ፣ ቢራቢሮዎቹ በፀደይም በመጸውም ስለሚያልፉ የሰሜኗን የአዮዋ ግዛት የማጨጃ ጊዜ ገልብጦ መውሰድ አይሠራም።

ሚልክዊድ ብቻ ዘርቶ መተውም ስህተት ነው። አባጨጓሬው ቅጠል ይብላ እንጂ ቢራቢሮው የሚኖረው በአበባ ማር ነው። በተለይ ወደ ሜክሲኮ ተራሮች የሚበረው ትውልድ ረጅም መንገድ አለበት፣ ስለዚህ በመጸው የሚያብቡ የአካባቢው አበቦች ያስፈልጉታል። የሐሩር አገሩን ሚልክዊድ ደግሞ አትዝሩ፤ ውርጭ በሌለበት ዓመቱን ሙሉ ስለማይደርቅ ቢራቢሮን የሚያዳክም ጥገኛ ተውሳክ ይከማችበታል።

ፀረ አረም በጅምላ መርጨትም ያው ነው። ወራሪውን ተክል ለይቶ መርጨት ይቻላል፣ እንዲያውም ይጠቅማል።

በመጨረሻ፣ ስምምነቱን ቢሮ ውስጥ አስቀርቶ ለአጫጁ ኮንትራክተር አለመንገር። እሱ የሚያየው የራሱን ውል ነው። ቀኑ፣ የማይነካው ቦታና የሳሩ ቁመት እዚያ ውል ላይ ካልተጻፉ ትራክተሩ እንደ አምናው ያልፋል። ሚልክዊድ ያለበትን ቦታ በካርታ አሳዩት፣ ምልክት ትከሉ፣ ከማጨዱ በፊትም ከሠራተኞቹ ጋር በእግር ሄዳችሁ ተክሉን አሳዩዋቸው።