ካታማራን ሲታሰብ የማይረሱ ስህተቶች

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና ይዘን ከተቀመጥን ወሬያችን ጀልባ ነው። አንዱ ጓደኛችን ባለ ሸራ ካታማራን እሠራለሁ ብሎ ተነሥቷል። ሁለት ጠባብ ቀፎዎች (ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ የጀልባ አካላት) ጎን ለጎን የተያያዙበት የውድድር ጀልባ ማለት ነው። ንድፉን ባየሁ ቁጥር ስህተት እለቅማለሁ።

የመጀመሪያው «ይርዘም እንጂ ይፈጥናል» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። ጀልባ ሲሄድ ማዕበል ያነሣል፤ በፈጠነ ቁጥር ማዕበሉም ይረዝማል። ማዕበሉ የጀልባውን ርዝመት ሲያክል አፍንጫው ሽቅብ፣ ኋላው ቁልቁል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዳገት እንደያዘ ጋሪ ነው። ለወፍራም ጀልባ ይህ ገደብ፣ ውሃ ላይ ያረፈው ርዝመት 4 ሜትር ከሆነ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 9 ሜትር ቢሆን 13.5። ርዝመቱ ከእጥፍ በላይ አደገ፣ ፍጥነቱ ግን በግማሽ ብቻ። ካታማራን ገደቡን የሚያልፈው በቅጥነቱ ነው። የቀፎው ርዝመት የወርዱን አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ሲሆን የሚያነሣው ማዕበል ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 2008 ኦሊምፒክ ላይ የተወዳደረው ቶርናዶ የተባለው ካታማራን እኮ 6.1 ሜትር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ክብደትን መርሳት። ቀጭን ቀፎ ሸክም አይችልም፤ ጠለቅ ይልና ውሃው ይይዘዋል። ማስረጃው እዚሁ አለ። የደንገል ታንኳ ረጅምና ቀጭን ነው፣ ግን ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ባለ ታንኳው ዳር ሲደርስ አቁሞ ፀሐይ የሚያስመታው ለዚህ ነው። ጠዋት ደርቆ የወጣው ታንኳና ከሰዓት የሚመለሰው አንድ አይደሉም። ወዳጃችን ግን ፍሪጅ ሊጭን ነበር!

አፍንጫውን እንደ ቢላ ማሳሳትም አለ። ነፋስ ሲበረታ ሸራው ፊቱን ወደ ታች ይጫነዋል። አፍንጫው ተንሳፋፊነት ካጣ ይጠልቃል፣ ጀልባው በግንባሩ ይደፋል። በተቃራኒው ሰፊ ኋላ ውሃ ውስጥ ከተነከረ፣ ነፋስ ሲቀንስ ጎታች ነው።

የባሕር ላይ ቁጥርን እንዳለ ጣና ላይ ማምጣት ደግሞ ማንም የማያስበው ስህተት ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ሳሳ ይላል። ነፋሱ እኩል ቢነፍስም ሸራውን የሚገፋው ኃይል 15 በመቶ ያህል ያንሳል። ውሃው ጨው ስለሌለውም ጀልባው ትንሽ ይጠልቃል።

ፍሪጁ ቀርቷል፣ ሸራውም ተለቅ ብሏል። ርዝመቱ ላይ ግን አሁንም እየተጨቃጨቅን ነው።