ሆርሞን የሚያዛቡ ኬሚካሎችን በዕለት ተዕለት ኑሮ እንዴት መቀነስ ይቻላል?

ሆርሞኖች ሥራቸውን የሚያከናውኑት እጅግ ጥቂት በሆነ መጠን ነው። እነሱን የሚመስሉ ወይም ሥራቸውን የሚያውኩ ኬሚካሎች በጥቂቱም ቢሆን በየቀኑ ወደ ሰውነት ሲገቡ ሊያሳስቡን የሚገባውም ለዚህ ነው። ሙሉ በሙሉ ማምለጥ አይቻልም። ይሁን እንጂ እንደ ቢስፌኖል ኤ (ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራበት) እና ፍታሌት (ፕላስቲክን የሚያለሰልስ) ያሉት ኬሚካሎች በአብዛኛው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ በሽንት ስለሚወገዱ፣ የሚገቡበትን መንገድ ማጥበብ ቶሎ ለውጥ ያመጣል።

በመጀመሪያ ትኩስ ምግብንና ፕላስቲክን ይለያዩ። ከሁሉ የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው፤ ጊዜ ያጠረው ሰው ይህን ብቻ ቢያደርግ እንኳ ብዙ ይጠቀማል። ኬሚካሎቹ ከዕቃው ወደ ምግቡ የሚያልፉት በተለይ ሙቀት፣ ቅባትና አሲድ ሲያገኛቸው ስለሆነ፣ ዘይት የበዛበት ትኩስ የቲማቲም ስጎ በፕላስቲክ ዕቃ ሲቀመጥ ሦስቱም በአንድ ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው። ምግቡን በብርጭቆ፣ በሸክላ ወይም በማይዝግ ብረት ዕቃ ያሙቁ፤ ፕላስቲክ ውስጥ ማስቀመጥ ግድ ከሆነም ከቀዘቀዘ በኋላ ይገልብጡት። «ለማይክሮዌቭ የሚሆን» የሚለው ጽሑፍ በዋናነት ዕቃው እንደማይቀልጥና እንደማይጣመም የሚናገር እንጂ ምንም ነገር ወደ ምግቡ አያልፍም የሚል ዋስትና አይደለም። ለሕፃን የዱቄት ወተት በሚዘጋጅበት ጊዜም በትኩሱ ውሃ በብርጭቆ ዕቃ በጥብጦ፣ ለብ ሲል ወደ ጡጦ መገልበጥ ይሻላል።

ቀጥሎ የዕቃዎቹን ታች ገልብጠው በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ ያለውን ቁጥር ይመልከቱ። 3 ቁጥር ፒቪሲ ሲሆን ለስላሳው ዓይነት ፍታሌት ሊኖረው ይችላል፤ 7 ቁጥር የልዩ ልዩ ፕላስቲኮች መጠሪያ ሆኖ ከቢስፌኖል ኤ የሚሠራውን ፖሊካርቦኔትንም ያጠቃልላል። ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ የተጫጫረውንና የደበዘዘውን ዕቃ ለምግብ አይጠቀሙበት። «ከቢስፌኖል ኤ ነፃ» የሚለውን ማስታወቂያ አምኖ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈልን ግን አልመክርም፤ በምትኩ የሚገቡት ቢስፌኖል ኤስ እና ቢስፌኖል ኤፍ በሆርሞን ላይ ተመሳሳይ ጠባይ እንዳላቸው ታይቷልና። ያንኑ ገንዘብ ለብርጭቆ ዕቃ ማዋል ይሻላል። ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ደግሞ ያለ ወጪ ይገኛል።

የቆርቆሮው የውስጥ ቅብ ቢስፌኖል ሊኖረው ስለሚችል የቆርቆሮ ምግብን መቀነስ፣ የፀረ ተባይ ቅሪት እንዲቀንስም አትክልትና ፍራፍሬን በሚወርድ ውሃ ማጠብ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሎሽን፣ ሻምፑና ሳሙና ሲገዙ የይዘት ዝርዝሩን ያንብቡ። «ፓርፉም» ወይም «ፍራግራንስ» የሚለው አንድ ቃል ስማቸው ያልተዘረዘረ ብዙ ኬሚካሎችን፣ አንዳንዴም ፍታሌትን ሊሸፍን ስለሚችል፣ በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶችና ሕፃናት ሽታ ያልተጨመረበትን ቢጠቀሙ ይመረጣል።

ደረሰኝን በጥፍርዎ ይጫሩት፤ ጥቁር መስመር ከወጣበት በሙቀት የሚታተም ወረቀት ነው፤ እንዲህ ያለው ወረቀት ብዙ ጊዜ በቢስፌኖል ይቀባል። እጅዎ ሳኒታይዘር ወይም ሎሽን እንደተቀባ አይያዙት፣ ለልጅም መጫወቻ አይስጡት።

በመጨረሻም አቧራውን በደረቅ መጥረጊያ ከማቡነን ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። ከሶፋ ስፖንጅና ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የሚወጡ የእሳት መከላከያ ኬሚካሎች አቧራው ላይ ይከማቻሉ፤ ወለል ላይ የሚድሁና እጃቸውን ወደ አፋቸው የሚወስዱ ሕፃናት ደግሞ ከአዋቂ ይበልጥ ይደርሳቸዋል። ስለዚህ ከመመገባቸው በፊት እጃቸውን በውሃና በሳሙና ያጥቡላቸው።