የቤት ዕቃንና መጻሕፍትን በባሕር ዳር እንዴት መለገስ ይቻላል?

የሚለገስ ዕቃ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ካርቶን በመፈለግ ነው፤ መቅደም ያለበት ግን ተቀባዩን መጠየቅ ነው። አረጋውያንን የሚጦር ማእከል ብርድ ልብስና አንሶላ ሲያጥረው፣ ሕፃናትን የሚያሳድግ ቤት ደግሞ ትልልቅ ድስትና ሳህን ሊቸግረው ይችላል፤ ማስቀመጫ የሌለው ድርጅት ሶፋና ቁም ሳጥን ጭራሽ አይቀበልም። ስለዚህ ደውለው ወይም በአካል ሄደው ምን እንደሚያስፈልግና መቼ እንደሚረከቡ ይጠይቁ። ድርጅቱን የማያውቁት ከሆነ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን ለማየት መጠየቅ ነውር የለበትም፤ ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩ አገር በቀል ድርጅቶች የሚመዘገቡት በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ነው። ለአንድ ቤተሰብ ብቻ የሚበቃ ዕቃ ከሆነ ግን የሰፈሩ እድር፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም መስጊዱ ማን እንደተቸገረ ከማንም በላይ ያውቃል።

ቀጥሎ ዕቃውን ይለዩ። ለቅርብ ዘመድ ለመስጠት የሚያፍሩበትን ነገር ለማያውቁት ሰውም አይስጡ። ልብስና አንሶላ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ፍራሽ ደግሞ ስፌቱ ተገልጦ ትኋን እንደሌለበት ይታይ። የኤሌክትሪክ ምጣድና ካውያን ሰክተው መሥራታቸውን ያረጋግጡ። አልጋና ቁም ሳጥን ከተፈታ ቡሎኖቹን በትንሽ ፌስታል ቋጥሮ ከራሱ ከዕቃው ጋር በፕላስተር ማጣበቅ ይገባል፤ ቡሎኑ የጠፋበት አልጋ ተቀባዩ ግቢ ውስጥ ተጋድሞ ይቀራልና።

መጻሕፍት የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። በመጀመሪያ የትምህርት ቤት ማኅተም ያለባቸውን ለይተው ያውጡ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለተማሪ በውሰት የሚሰጠው መጽሐፍ የቤተሰቡ ንብረት ስላልሆነ መመለስ ያለበት ለዚያው ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ የመማሪያ መጻሕፍቱን የኅትመት ዘመን ይመልከቱ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ወደ ሥራ ከገባ ወዲህ የቀድሞዎቹ የክፍል መጻሕፍት ለዕለት ትምህርት እምብዛም አያገለግሉም፤ በእኔ እምነት አሮጌ የክፍል መጽሐፍ በካርቶን አጭቆ መላክ የሌላውን መደርደሪያ ማጣበብ ነው። መዝገበ ቃላት፣ ልብ ወለድ፣ የተረት መጽሐፍና የዩኒቨርሲቲ ማጣቀሻ ግን ቶሎ አያረጁም። መልሱ በእስክርቢቶ የተሞላ የመልመጃ መጽሐፍ ለልገሳ አይሆንም። በየገጹ መካከል የተረሳ ፎቶግራፍ፣ ደረሰኝ ወይም የባንክ ወረቀት እንዳይኖር መጽሐፉን በጀርባው ይዘው ያራግፉ።

የጣና ዳርቻ ክረምት ለወረቀት አይመችም። ቤት ውስጥ ቆይቶ እርጥበት የጠጣ መጽሐፍ ከታሸገ ሻጋታው ወደ ጎረቤቱ ይዛመታል፤ ስለዚህ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ገልጦ ማናፈስ፣ የሻገተውንም ለብቻው ማስቀረት ያስፈልጋል። ጠንካራ ፀሐይ ላይ ማስጣት ሽፋኑን ስለሚያጣምም አይመከርም። መጽሐፍ ከባድ በመሆኑ ትንንሽ ካርቶን ይምረጡ፤ አንድ ሰው ያለ ረዳት ሊያነሣው የማይችል ካርቶን ከታች ይቀደዳል። በላዩ ላይ «7ኛ ክፍል አጋዥ» ወይም «ልብ ወለድ» ብለው ቢጽፉበት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ሁሉንም ከመዘርገፍ ይድናል። ለትምህርት ቤት የታሰበ መጽሐፍ ከመስከረም በፊት ቢደርስ መልካም ነው፤ ሆኖም ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታበት ወቅት ስለሆነ ከሰኔ በፊት ማድረሱ የተሻለ ነው።

ለማጓጓዝ ጥቂት ካርቶን በባጃጅ ይሄዳል፤ ለብፌና ለአልጋ ግን ጋሪ ወይም የጭነት መኪና ይዘው ዋጋውን ከማውረጃው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ በጀልባ የሚላክ ከሆነ እያንዳንዱን ካርቶን በላስቲክ ጠቅልለው ከወለሉ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ከላይ ሸራ ማልበስ ብቻውን አይበቃም፣ ውኃው ጀልባው ሥር ይጠራቀማልና።

በርክክቡ ጊዜ የዕቃውን ዝርዝር በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን አስፈርመው ያስቀሩ። ፎቶግራፍ ማንሣት ካስፈለገ ዕቃውን ያንሡ፤ የተቀባዮቹን ፊት፣ በተለይም የሕፃናትን፣ አያንሡ። ማንም ያልፈለገው ብረታ ብረትና ፕላስቲክ ለቆራሌው ይሰጣል።