በኖርዌይ ባሕር ዳርቻ የዓሣ ሥራ ለምትፈልጉ

ከስደተኞች ካምፕ ወጥታችሁ በሰሜን ኖርዌይ ጠረፍ ወዳለች ትንሽ ከተማ ስትመደቡ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ሐሳብ «ከዚህ መቼ ነው የምወጣው» የሚል ነው። እኔም የደረስኩት ፀሐይ በማትወጣበት ሰሞን ስለነበረ ለብዙ ሳምንታት የማስበው ኦስሎን ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ሻንጣችሁን ከማሰራችሁ በፊት አንድ ጠዋት ወደ ወደቡ ውረዱ። ጀልባ ቆሞ ዓሣ የሚያራግፍበት፣ የጭነት መኪና በረዶና ሳጥን የሚጭንበት ትልቅ ቤት ታያላችሁ። ኖርዌጂያኖቹ ፊስከሞታክ ይሉታል፤ የዓሣ መረከቢያ ማለት ነው። ቋንቋ ገና ያልያዘ፣ የትምህርት ማስረጃው ገና ያልተተረጎመለት ሰው በዚያ ከተማ ከሌላው በር ሁሉ ቀድሞ የሚከፈትለት በር ይህ ነው። በራሳቸው ፈቃድ ከተመደቡበት ኮሙነ (የአካባቢ አስተዳደር) የሚወጡ ሰዎች ደግሞ ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጠውን የመቋቋሚያ ፕሮግራም ድጋፍ ሊያጡ ይችላሉ። ስለዚህ መሄድ ካለባችሁም ሥራ ይዛችሁ ሂዱ።

የዓሣ ሥራ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ማዕበልና መረብ ነው። የእኛ ሰው ሥራ የሚያገኘው ግን በአብዛኛው በመሬት ላይ ነው። በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ለመሥራት የባሕር ደኅንነት ሥልጠናና የባሕርተኛ የጤና ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ክፍያውም ብዙውን ጊዜ በሰዓት ሳይሆን ሎት በሚባለው ከተያዘው ዓሣ በሚደርስ ድርሻ ነው። ከሁሉ በላይ ማዕበል ሲነሣ የሚጮኽባችሁን ትእዛዝ ወዲያው መረዳት አለባችሁ። ቋንቋውን ስትይዙ አስቡበት፤ ለአሁኑ ግን ዓይናችሁን ከመረከቢያውና ከማቀነባበሪያው ላይ አታንሡ።

በመሬት ያለው ሥራ ሁለት መልክ አለው፤ ልዩነቱንም ከመጀመሪያው ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው የቶሽክ ሥራ ነው፤ ቶሽክ በእንግሊዝኛ ኮድ የሚባለው የባሕር ዓሣ ነው። ለአቅመ እንቁላል የደረሰው ቶሽክ ስክራይ ይባላል፤ ከባረንትስ ባሕር ተነሥቶ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ሎፎተን ደሴቶች ይመጣል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ድረስ ከተማው ሁሉ የሚሠራው እርሱን ነው። ሆድ ዕቃው ይወጣል፣ ራሱ ይቆረጣል፣ ከዚያ ሁለት ሁለቱ በጅራታቸው ታስረው ያለ አንዳች ጨው በእንጨት ማማ ላይ ይሰቀላሉ፤ ነፋስና ብርድ ብቻ ያደርቃቸዋል። ራሱም አይጣልም፤ ደርቆ ወደ ናይጄሪያ ይላካል። የትምህርት ቤት ልጆች ሳይቀሩ ከትምህርት በኋላ የቶሽክ ምላስ እየቆረጡ በመሸጥ የራሳቸውን ገንዘብ ያገኛሉ። ለአካለ መጠን እየደረሰ ያለ ልጅ ያላችሁ ይህን አትናቁት፤ ከአገሬው ልጆች ጋር ጎን ለጎን የሚቆምበት ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ሁለተኛው የሳልሞን ሥራ ነው፤ በኖርዌይኛ ላክስ ይባላል። ሳልሞን በባሕር ውስጥ በተዘረጋ ክብ መረብ ይረባል። ዘመናዊው እርባታ በፈረንጆች 1970 አካባቢ በሂትራ ደሴት የተጀመረ ሲሆን ዛሬ አገሪቱ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ታመርታለች። የሳልሞን ማረጃዎች ወቅት ስለማይጠብቁ ዓመቱን ሙሉ ሰው ይፈልጋሉ። ልጆች ያሏችሁ፣ ቤተሰብ ለማምጣት ቋሚ ገቢ ማሳየት የሚጠበቅባችሁ፣ በእኔ አስተያየት ሳልሞኑን ፈልጉ። ብቻችሁን የሆናችሁ፣ አካላችሁ የበረታ፣ አራት ወር በርትታችሁ ስም ለማትረፍ የምትፈልጉ ደግሞ ቶሽኩ ይሻላችኋል።

አፈላለጉን በተመለከተ፣ ናቭ በሚባለው የሥራና የማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ተመዝገቡ፤ የድረ ገጽ የሥራ ማስታወቂያዎቹንም ተመልከቱ። ነገር ግን በትንሽ ከተማ ማስታወቂያ ሳይወጣ የሚያዝ ሥራ ብዙ ነው። ለቶሽኩ ወቅት የሚጠየቀው በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው፤ ጃንዋሪ ሲገባ ሰው አስቀድሞ ተይዞ ይጠብቃል። ጠዋት በዕረፍት ሰዓት ሂዱና ፎርማኑን ጠይቁ። «ሃር ዴረ ብሩክ ፎር ፎልክ?» በሉት፤ «ሰው ትፈልጋላችሁ?» ማለት ነው። አንድ ገጽ የሥራ ታሪካችሁን ስልክ ቁጥራችሁን በትልቁ ጽፋችሁ ስጡት። በሐዋሳ ወይም በባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ቆሮሶ ገፋችሁ፣ ፊሌቶ አውጥታችሁ ከሆነ በመጀመሪያው መስመር ይግባ። ቢላዋ የያዘ እጅ እዚህ ዋጋ አለው፤ እኛ ግን እንደ ሥራ ስለማንቆጥረው ሳንጽፈው እንቀራለን። መልስ ካላገኛችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ይህ እዚህ አገር እንደ ማስቸገር አይቆጠርም። በመቋቋሚያ ፕሮግራም ውስጥ ያላችሁ ደግሞ አማካሪያችሁን የቋንቋ ልምምድ በዓሣ ቤቱ እንዲያዘጋጅላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ሰው ቋሚ ሥራ ያገኘው በዚህ መንገድ ገብቶ ነው።

ከወረቀት የሚቀድመው የመኖሪያ ፈቃዱ ነው። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ሳይሰጠው መሥራት አይችልም። ጥበቃ የተሰጠው ሰው ግን ይችላል። ቀጥሎ ስካተኮርት የሚባለውን የግብር ካርድ ከግብር ቢሮ አውጡ። ይህ ካርድ ከሌለ አሠሪው ከደመወዛችሁ 50 በመቶውን ለግብር ይቆርጣል፤ መቁረጥም ግዴታው ነው። የባንክ ሒሳብም ያስፈልጋችኋል።

ስለ ውልና ክፍያ ረዘም አድርጌ ልጽፍ፤ ወገኖቻችን የሚጎዱት እዚህ ላይ ነውና። እኔ መጀመሪያ የገባሁት በሠራተኛ አቅራቢ በኩል ነበር። ውሉን ሳላነብ ፈረምኩ፤ ማንበብም አልችልም ነበር። በወሩ መጨረሻ የደመወዝ ወረቀቴን ስመለከት የመኝታ፣ የትራንስፖርት፣ የልብስ እየተባለ የተቆረጠው ተደምሮ በእጄ የቀረው ከቤት ኪራይ የማያልፍ ሆነ። የሥራ ባልደረባዬ የሆነች ሊቱዌኒያዊት ወረቀቱን ተቀብላኝ በጣቷ መስመር በመስመር እያሳየችኝ «ለዚህ ፈርመሃል? ለዚህስ?» ስትለኝ ያፈርኩትን አልረሳውም። ከደመወዝ የሚቆረጥ ነገር አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተስማማችሁበት በስተቀር ከግብርና በሕግ ከተፈቀዱ ጥቂት ነገሮች ውጭ መቆረጥ የለበትም። ይህን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ቤት ውሰዱት፤ ቋንቋ የሚችል ሰው ያንብብላችሁ። ኖርዌይ ለሁሉም ሥራ የሚያገለግል አንድ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም። በዓሣ ማቀነባበሪያ ግን ከፈረንጆች 2015 ጀምሮ ማንም አሠሪ ሊያወርደው የማይችል የሰዓት ክፍያ ተወስኗል። መጠኑ በየጊዜው ስለሚሻሻል የወቅቱን ቁጥር አርባይድስቲልሲነ ከተባለው የሥራ ቁጥጥር ባለሥልጣን ድረ ገጽ ላይ ተመልከቱ። በሕጉ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 9፣ በሳምንት 40 ነው፤ ከዚያ በላይ ለሠራችሁት ቢያንስ 40 በመቶ ጭማሪ ይገባችኋል። የሠራችሁትን ሰዓት በየቀኑ በራሳችሁ ደብተር መዝግቡ። ፌሪየፔንገር የሚባለው የዕረፍት ገንዘብ ቢያንስ ከዓመት ገቢያችሁ 10.2 በመቶ ሲሆን የሚከፈለው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ሥራ ለቃችሁ የሄዳችሁ እንኳ ይገባችኋል፤ ሳትጠይቁት አትቅሩ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ግቡ። መዋጮው ትንሽ ያማል፣ ግን ስትከራከሩ ብቻችሁን አትቆሙም።

ሥራው ራሱ ከባድ ነው፤ ይህን አልሸሽግም። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ የምትነኩት ሁሉ ከበረዶ የወጣ ነው። ከጥጥ የተሠራ የውስጥ ልብስ አትልበሱ፤ ጥጥ ላብ ይዞ ያቀዘቅዛል። ሱፍ ግዙ። ከላስቲኩ ጓንት ሥር ስስ የሱፍ ጓንት አድርጉ። በሳልሞን መስመር ላይ ማሽኑ ሆዱን ከፍቶ ያመጣላችኋል፤ እናንተ በቧንቧ በሚስብ ማንኪያ ከጀርባ አጥንቱ ጋር የተጣበቀውን ደም ትጠርጋላችሁ። ከዚያ ሌላው ይመጣል፣ ከዚያም ሌላው። ከሳምንት በኋላ ክንዳችሁ ሌሊት መደንዘዝ ከጀመረ ዝም አትበሉ፤ ቦታ እንድትቀያየሩ ፎርማኑን ጠይቁ። ቢላዋ ከያዛችሁ ደግሞ አሁንም አሁንም ሳሉት፤ እጅ የሚቆርጠው የዶለዶመው ነው፣ ምክንያቱም ኃይል ያስጨምራልና። አስም ያለበት ሰው ከመግባቱ በፊት ሐኪም ያማክር፤ በተለይ ሸርጣን በሚሠራበት ቤት በአየር ላይ የሚንሳፈፈው እንፋሎት መተንፈሻን ያውካል።

የንጽሕና ደንቡ አይደራደርም። ቀለበት፣ ጉትቻ፣ ሰዓት፣ የተቀባ ጥፍር አይገባም። ፕላስተሩ እንኳ ሰማያዊ ነው፤ ዓሣው ላይ ቢወድቅ እንዲታይ። ማተብ ያሰራችሁ ብዙዎች እንደምትጨነቁ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ቀን፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት፣ ምን እንደሆነ አስረዱና መፍትሔ ጠይቁ። ከአንገት በላይ በተዘጋ ልብስ ሥር እንዲቆይ የሚፈቅዱ ቤቶች አሉ፤ ሸሽጋችሁ ስትገኙ ግን ጉዳዩ የእምነት መሆኑ ይቀርና የደንብ መጣስ ይሆናል። ሒጃብ ለምትለብሱም ብዙ ቤቶች በየቀኑ የሚቀየር ንጹሕ መሸፈኛ ያዘጋጃሉ።

ዓሣ ሲጠፋ ሥራም ይቆማል። ያን ጊዜ ፐርሚቴሪንግ የሚል ደብዳቤ ይደርሳችኋል። ብዙ ሰው ተባረርኩ ብሎ ይደነግጣል፤ መባረር አይደለም፣ ውሉ እንዳለ ሆኖ ለጊዜው እረፉ ማለት ነው። እረፉ በተባላችሁበት የመጀመሪያው ቀን ናቭ ሄዳችሁ ሥራ ፈላጊ ሆናችሁ ተመዝገቡና የሥራ አጥ ክፍያ ጠይቁ። በቂ ገቢ አስመዝግባችሁ ከሆነ ይሰጣችኋል፤ የዘገያችሁበት ቀን ግን አይመለስም። ሥራ ከጀመራችሁ አራት ሳምንት ካለፈ ብትታመሙም የሕመም ደመወዝ አላችሁ።

አንድ ዓመት ከሠራችሁ በኋላ ስለ ፋግብሬቭ ጠይቁ። ይህ የሙያ ምስክር ወረቀት ሲሆን በዓሣ ምርትም በእርባታም ይሰጣል፤ ሥራችሁን ሳትተዉ የምታገኙበት መንገድ አለ። ወረቀቱን የያዘ ሰው የሰዓት ክፍያው ከፍ ይላል፣ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድም ከዜሮ አይጀምርም። ለፈተናው ኖርዌይኛ ስለሚያስፈልግ የማታውን ትምህርት በድካም ብላችሁ አትተዉት።

በመጨረሻም ስልካችሁን አትዝጉ። የጀልባዋን ሰዓት የሚወስነው የአየር ጠባይ ነው፤ ፎርማኑ ጀልባ መግባቷን ሲሰማ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ይደውላል። ያላነሣውን ትቶ ቀጣዩን ይጠራል። እኔን ቋሚ ያደረገኝ ጥሪ የመጣው እሑድ ማታ ነበር፤ ከእኔ በላይ የተጻፉት ሦስት ሰዎች ስልካቸው ተዘግቶ ነበር።