የቤት እባብን ከፍሪዘር የወጣ አይጥ እንዴት መመገብ ይቻላል

እባብ አትክልት አይቀምስም። የታሸገ የውሻ ምግብም አይሆነውም። የሚፈልገው ሙሉ እንስሳ ነው፤ ከነአጥንቱ፣ ከነፀጉሩ፣ ከነሆድ ዕቃው። ስለዚህ እባብ ቤቱ ያስገባ ሰው ሁሉ ብዙ ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። በሕይወት ያለች አይጥ ልስጠው ወይስ በረዶ ሆና የምትሸጠውን ልግዛ?

እኔ ያለማመንታት የፍሪዘሯን ግዙ እላለሁ። በሕይወት ያለች አይጥ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ አልሆን ሲል ብቻ የሚገባባት ናት። ምክንያቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወደ አሠራሩ እንሄዳለን።

ምሳሌ የማደርገው ቦል ፓይተን የሚባለውን ትንሽ ዘንዶ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆናችሁ ልጃችሁ «እባብ ግዙልኝ» ብሎ ካስቸገራችሁ፣ ምናልባት የሚያወራው ስለዚህ እባብ ነው። መነሻው ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው፤ ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን በብዛት ወደ ውጭ ይላካል። መርዝ የለውም። ሲያድግ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ይደርሳል። በደንብ ከተያዘ 20 እና 30 ዓመት ይኖራል፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እባቡ እናንተ ላይ ሊቀር እንደሚችል ከአሁኑ እወቁት።

አይጧም ትነክሳለች

ብዙ ሰው የሚፈራው ለአይጧ ነው። ለእባቡም መፍራት አለበት። እባብ ሁልጊዜ አይርበውም። ብርድ ከያዘው፣ ቆዳውን ሊቀይር ከሆነ፣ ወይም በቅርቡ ቦታ ከቀየረ ዝም ብሎ ይተኛል። አይጧ ግን አትተኛም። ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ሳጥን ውስጥ ናት፣ ምግብና ውሃ የላትም፣ ትርበተበታለች። ከዚያ መቦጨቅ ትጀምራለች። እባቡ ላይ ተቀምጣ ጀርባውን እስከ አጥንት የበላች አይጥ የእንስሳት ሐኪሞች የሚያውቁት ነገር ነው። ዓይንም ይጠፋል። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው አንድ ስስ መስታወት መሳይ ቅርፊት ብቻ ነው።

በእባብ የተነደፈ በልጥ በረየ ይባል የለ? በአይጥ የተነከሰ እባብም እንደዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ምግብ ሲቀርብለት አንገቱን የሚያሸሽ እባብ ይሆናል።

«በዱር ማን ቀዝቅዞ ያቀርብለታል?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ማንም አያቀርብለትም። ግን በዱር አይጧ መሮጫ አላት፣ እባቡም ካላሰኘው ጥሎ ይሄዳል። መስታወት ሳጥን ውስጥ ሁለቱም መውጫ የላቸውም። ያንን ሳጥን የሠራነው እኛ ነን፤ ስለዚህ ኃላፊነቱም የኛ ነው። የአይጧ ስቃይም ስቃይ ነው። ለምሳሌ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ በሰው እጅ ያለችውን አይጥም ይመለከታል። ለገበያ የሚቀርቡት የፍሪዘር አይጦች አብዛኛውን ጊዜ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ከሞቱ በኋላ ነው የሚቀዘቅዙት።

ደግሞስ እባቡ የሚፈልገው አይጧ በሕይወት መኖሯን ነው? አይደለም። ቦል ፓይተን የላይኛው ከንፈሩ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉት፤ በነሱ ሙቀት ይለያል። በምላሱ ሽታ ይለቅማል። እንቅስቃሴም ይስበዋል። ሙቀቱን፣ ሽታውንና ትንሽ እንቅስቃሴ ከሰጣችሁት ለሱ ምግብ ማለት ይኸው ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር በሙሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው።

መጠኑን ምረጡ

የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ግዙና ለእባቡ ብቻ መድቡት። እባቡን በላስቲክ ዕቃ አድርጋችሁ መዝኑ፣ ቀኑን ደብተር ላይ ጻፉ። ለትንሽ እባብ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የምትመዝን አይጥ ትበቃዋለች። 300 ግራም ከሆነ ከ30 እስከ 45 ግራም ማለት ነው። ያደገው እባብ ወደ 5 በመቶ ገደማ ይበቃዋል። ሚዛን ካጣችሁ በዓይን ለኩ፤ አይጧ ከእባቡ ወገብ ወፍራሙ ቦታ ብዙ አትለፍ።

ትንሹ እባብ በሳምንት አንዴ ይበላል። ያደገው በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ። እዚህ ላይ እኛ አበሾች እንቸገራለን፤ የምንወደውን ማጉረስ ልማዳችን ነው። ለእባብ ግን ይህ ፍቅር አይሠራም። ቤት ውስጥ የሚኖር እባብ ብዙ አይንቀሳቀስም፣ ቶሎ ይወፍራል፣ ስቡም ጉበቱን ይጎዳል።

ሱቅ ስትሄዱ ማውስ የሚባለውን ትንሹን ዝርያና ራት የሚባለውን ትልቁን ታገኛላችሁ። ለቦል ፓይተን ከቻላችሁ ገና ትንሽ ሳለ ራት አስለምዱት። ማውስ ብቻ የለመደ እባብ ሲያድግ አንድ አይጥ አይበቃውም፣ ወደ ሌላ ለመቀየርም ያስቸግራል።

የት ይቀመጥ?

በቁም ነገር አንብቡት። ማቀዝቀዝ ብዙ ጥገኛ ተውሳኮችን ይገድላል፤ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ግን አይገድልም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ ሰዎች በሳልሞኔላ ታመው፣ ለእባብ ምግብነት የተሸጡ የፍሪዘር አይጦች ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል።

እኛ ቤት ደግሞ ክትፎ አለ፣ ጥሬ ሥጋ አለ። አይጥና የክትፎ ሥጋ አንድ ፍሪዘር ውስጥ መግባት የለባቸውም። ትንሽ ፍሪዘር ግዙና ጋራዥ ወይም ምድር ቤት አስቀምጡት። አቅም ከሌላችሁ አንድ ሁለት ብቻ እየገዛችሁ ወዲያው ተጠቀሙ። አይጧ የምትያዝበት መቆንጠጫ፣ ባልዲና ሳህን ወጥ ቤት አይግቡ። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት አይጧንም እባቡንም አይንኩ።

በረዶውን ማስለቀቅ

ማይክሮዌቭ አይሞከርም። ውጪዋ ይበስላል፣ ውስጧ በረዶ ይቀራል፣ አንዳንዴም ሆዷ ይፈነዳል። ያንን ማጽዳት እንኳን ለናንተ ለጠላትም አይመኙትም።

አይጧን ውሃ በማያስገባ ዚፕ ባለው ላስቲክ ከረጢት ክተቱ፣ አየሩን አስወጡና ዝጉ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ በባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አድርጉት። ከላይ ክብደት ያለው ነገር ጫኑበት፣ አለበለዚያ ይንሳፈፋል። ትንሿ ማውስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትለቃለች። መካከለኛ ራት ሁለት ሦስት ሰዓት ትፈልጋለች፤ ውሃውን መሃል ላይ ቀይሩት። ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቀኑን ሙሉ መተው ግን አይሆንም። ሥጋ ነው፣ ይበላሻል።

መልቀቋን በጣት እወቁ። በከረጢቱ ላይ ሆዷን ጫን አድርጉ። መሃሉ ላይ እንደ ጠጠር የሚጠጥር ነገር ካገኛችሁ ገና ነው። ውስጧ በረዶ የሆነ አይጥ የዋጠ እባብ መልሶ ሊተፋት ይችላል።

ሙሉ በሙሉ ከለቀቀች በኋላ ቀዝቃዛውን ውሃ ደፍታችሁ ከቧንቧ የሚመጣ ሙቅ ውሃ አድርጉ። የፈላ አይደለም፤ እጅ ሲገባበት የሚችለው። 15 ደቂቃ ያህል ይበቃል። በርቀት ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ካላችሁ ፀጉሯ ላይ አነጣጥሩ። ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥሩ ነው፤ በሕይወት ያለች አይጥ ሙቀት አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ ከከረጢቱ አውጡና በወረቀት ፎጣ አድርቋት። እርጥብ አይጥ ቶሎ ትበርዳለች፣ የሳጥኑ ንጣፍም ይለጠፍባታል።

አሰጣጡ

ቦል ፓይተን የማታ እንስሳ ነው። ከመሸ በኋላ፣ መብራት ቀንሳችሁ፣ ቤቱ ፀጥ ሲል ስጡት። በዚያን ቀን አትያዙት። የሳጥኑ ሙቅ ጥግ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ጥግ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እባብ የራሱ ማሞቂያ የለውም፤ ከበረደው ምግብ አይፈጭለትም።

ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር የሚረዝም መቆንጠጫ ያዙ። በእጃችሁ በፍጹም። እባቡ ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ የሚያየው ሙቀት ነውና ጣታችሁም ሙቅ ነው። አይጧን ከትከሻዋ በላይ ቆንጥጣችሁ በአፍንጫዋ በኩል ወደ እባቡ አስጠጉ። ከላይ አታውርዱበት፤ ከላይ የሚመጣ ነገር ለእባብ አሞራ ነው። በጎን፣ መሬት ለመሬት፣ ቀስ እያላችሁ እንደምትራመድ አይጥ አንቀሳቅሷት። አንድ ሁለት ሴንቲሜትር፣ ከዚያ ቆም። እንደገና።

እባቡን ተመልከቱት። መጀመሪያ ምላሱ ይወጣል፣ ቶሎ ቶሎ ይላል። ቀጥሎ አንገቱ ወደ ኋላ ይታጠፍና ይጠበባል፣ ጭንቅላቱ አይጧን ይከተላል። እዚህ ሲደርስ አትቸኩሉ፣ እጃችሁን አታንቀጥቅጡ። ይወረወራል። በዓይን የማይያዝ ፍጥነት ነው።

ሲይዛት መቆንጠጫውን ልቀቁ። ጭራዋን አንዴ ሁለቴ ቀስ ብላችሁ ጎተት ብታደርጉ ጠበቅ አድርጎ ይጠመጠማል። ከዚያ ራቁ። ደቂቃዎች ዝም ብሎ ሊቆይ ይችላል። ቀጥሎ ይፈታና በምላሱ ጭንቅላቷን ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው የሚጀምረው። ቆዳው ሲለጠጥ በቅርፊቶቹ መካከል ነጩ ይታያል። ውጦ ሲጨርስ አፉን በሰፊው ሲያዛጋ ታዩታላችሁ፣ መንጋጋውን ወደ ቦታው እየመለሰ ነው። እኔ ይህንን ማየት አይሰለቸኝም።

ከበላ በኋላ 48 ሰዓት አትያዙት። እጃችሁን በሳሙናና በሞቀ ውሃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ታጠቡ፣ ባልዲውንና ማስታጠቢያውን በበረኪና አጽዱ። ያልተበላችውን አይጥ ጣሏት። መልሳችሁ ፍሪዘር እንዳትከቷት።

አልበላም ሲል

ይላል። ቦል ፓይተን በዚህ ይታወቃል። ወላጆች በጣም የሚደነግጡት እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

አዲስ የመጣ እባብ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ሳምንት ተዉት፤ አትንኩት፣ አታሳዩት፣ እንግዳ አይሰብሰብበት። ዓይኑ ደመና የለበሰ መስሎ ወደ ሰማያዊ ካደላ ቆዳውን ሊቀይር ነው፣ እስኪጨርስ ጠብቁ። ሙቀቱን እንደገና ለኩ። መደበቂያ ሁለት ይኑረው፣ አንዱ ሙቅ ጥግ፣ አንዱ ቀዝቃዛው ጋ። ከዚያ ከሳምንት በኋላ ሞክሩ እንጂ በየቀኑ አትጨቅጭቁት። በብርዱ ወቅት ለወራት የሚጾም ጤነኛ ያደገ እባብ አለ። ደብተሩን እዩ። ክብደቱ ካልወረደ አትጨነቁ። ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ፣ አፉ ወይም አፍንጫው ላይ ንፍጥ ካለ፣ ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ፣ ተሳቢ እንስሳት የሚያክም ሐኪም ጋ ውሰዱት። የበላውን ከመለሰም ሁለት ሳምንት አሳርፉትና ቀጣዩን ትንሽ አድርጋችሁ ስጡ።

በሕይወት ያለች አይጥ ብቻ የለመደ እባብ ሲሆን የሚሠሩ ዘዴዎች አሉ። የአይጧን ጭንቅላት ብቻ በፀጉር ማድረቂያ እንደገና አሙቁ፤ እባቡ የሚያነጣጥረው በጣም የሞቀው ቦታ ላይ ነው። ካልሆነ ማታ መደበቂያው በር ላይ አስቀምጣችሁ መብራት አጥፉና ውጡ። ዓይን ሲያርፍበት የማይበላ፣ ጠዋት ስትመጡ ጨርሶ የሚጠብቅ እባብ ብዙ ነው። ሌላው ሽታ ነው። የቤት እንስሳት ሱቅ ጠይቃችሁ በሕይወት ያሉ አይጦች የተኙበት ንጣፍ አምጡና የፍሪዘሯን ከከረጢቱ ሳታወጡ በፊት ከዚያ ጥቂት ጨምሩባት። አንዳንዱ እባብ በዚህ ብቻ ይሸነፋል።

ሁሉም ቀርቶ እባቡ እየከሳ፣ ሐኪሙም በሕይወት ያለች ሞክሩለት ካለ፣ ትንሿን ምረጡ። ዓይኗ ያልተከፈተ የአይጥ ግልገል አትጎዳውም፤ ትልቅ ራት ግን ትጎዳዋለች። መቆንጠጫ ይዛችሁ እዚያው ቁሙ፣ ስልክ አትመልሱ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልያዛት አውጧት፣ ምግብና ውሃ ስጧት። ከበላ ደግሞ በቀጣዩ ሳምንት ተራው የፍሪዘሯ ነው፤ በደንብ አሙቁና ከሷ ጀምሩ።