ውጭ ያለ ድርጅት ጎንደር ላይ ሠራተኛ ሲቀጥር፦ ችግርና መፍትሄ

ድርጅቱ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ነው፣ ሠራተኛዋ ጎንደር አራዳ። ኢትዮጵያ ውስጥ ቅርንጫፍም የንግድ ምዝገባም የለም። ስምምነቱ በኢሜይል ያልቃል፣ ሥራው ይጀመራል፣ ጣጣው የሚመጣው ደሞዝ ሲላክ ነው። ከታች ያሉት ችግሮች የተለያዩ ቢመስሉም አብዛኞቹ ከአንድ ጥያቄ ይመዘዛሉ፦ በኢትዮጵያ ሕግ ፊት አሠሪው ማን ነው? ይህ ካልተመለሰ ግብር የሚቆርጥ፣ ጡረታ የሚያስገባ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ማኅተም የሚመታ አይኖርም።

ደሞዙ ተልኳል፣ ሒሳብ ውስጥ ግን የለም

መጀመሪያ ስሙን ተመልከቱ። የውጭ ቅጽ የሚጠይቀው ስምና የቤተሰብ ስም ብቻ ነው፤ አንዱ የአባትን ይሞላል፣ ሌላው የአያትን። የባንኩ ሒሳብ ደግሞ የተከፈተው በሦስት ስም ነው። በዚያ ላይ «ፀሐይ»ን አንዱ በላቲን ፊደል ሲጽፍ ከ«ቲ» ይጀምራል፣ ሌላው ከ«ኤስ»። አንድ ፊደል የተለየ ስም ባንክ ላይ ገንዘቡን ለቀናት ያስይዛል፣ ካልሆነም ወደ ላኪው ያስመልሳል። መፍትሄው ሠራተኛዋ ከባንኳ የሒሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤ አውጥታ፣ ስሙ እዚያ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ወደ ውሉና ወደ ክፍያ ቅጹ መግባቱ ነው። የፋይዳ መታወቂያዋ ወይም ፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም ከባንኩ ከተለየ፣ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ባንኩ ላይ ይስተካከል።

ሁለተኛው ምክንያት በክፍያ ቅጹ ላይ «አይባን» (ዓለም አቀፍ የባንክ ሒሳብ ቁጥር) የሚለው ሣጥን ነው። ኢትዮጵያ አይባን አትጠቀምም። ሣጥኑ ባዶ አልቀር ሲል ዜሮ ጨማምሮ የሚሞላ ሰው አለ፤ ይህ ክፍያውን ያበላሻል። የሚያስፈልገው የስዊፍት ኮድ፣ ማለትም የባንኩ ዓለም አቀፍ መለያ፣ እና ሙሉ የሒሳብ ቁጥር ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሒሳብ ቁጥር 13 አኃዝ አለው፤ አንድ አኃዝ ከጎደለ ሌላው ሁሉ ትክክል ቢሆንም አይገባም።

ሦስተኛው የክፍያው ምክንያት ነው። ውሉ ደሞዝ ይላል፣ ላኪው «ስጦታ» ወይም «ለቤተሰብ» ብሎ ይልካል። ባንኩ ቢጠይቅ አያስገርምም። በየወሩ አንድ ዓይነት ቃል ይጻፍ፣ የውሉም ቅጂ አስቀድሞ ቅርንጫፉ ውስጥ ይቀመጥ። ገንዘቡ ከሳምንት በላይ ከቆየ ከላኪው ባንክ የስዊፍት ማስተላለፊያውን ቅጂ፣ ብዙዎች ኤምቲ 103 የሚሉትን፣ ጠይቁ። ያለዚያ ወረቀት ፒያሳ ያለው ቅርንጫፍ የት እንደቆመ ሊፈልግላችሁ አይችልም።

የገባው ገንዘብ ከተላከው በጥቂት ዶላር የሚያንስ ከሆነ መሀል ላይ ያሉ ባንኮች ኮሚሽን ቆርጠዋል ማለት ነው። ሲላክ ወጪው ሁሉ በላኪው ይሁን የሚለው አማራጭ ይመረጥ።

«በእጄ የደረሰኝ ከተስማማነው ያንሳል»

ጠቡ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ያልተጣራና የተጣራ ደሞዝ ስላልተለየ ነው። በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 እስከ 2,000 ብር ያለውን ደሞዝ ከግብር ነፃ አድርጎ፣ ከ14,000 ብር በላይ በሆነው ላይ 35 በመቶ ይጥላል። ያልተጣራ 40,000 ብር እንውሰድ። ሙሉው በ35 በመቶ ተባዝቶ፣ የታችኞቹ እርከኖች ዝቅ ባለ ምጣኔ ስለሚሰሉ 2,050 ሲቀነስ ግብሩ 11,950 ብር ነው። የሠራተኛዋ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ 2,800 ብር። በእጇ የሚገባው 25,250 ብር ይሆናል። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ 4,400 ብር፣ ከራሱ ይጨምራል። ስለዚህ በጀታችሁ ላይ የሚቀመጠው 44,400 ብር እና፣ በእናንተ ምትክ እዚህ በስሙ የሚቀጥራት ድርጅት ካለ (ከታች ይመጣል)፣ የእሱ ኮሚሽን ነው። ደሞዙ በዶላር ከተጻፈ በየትኛው ባንክ፣ በየትኛው ቀን ምንዛሪ ወደ ብር እንደሚሰላ ውሉ ውስጥ ይግባ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ይህን መዝለል የየወሩ ንትርክ ይሆናል።

ከውጭ የመጣ ደሞዝ ግብር የለበትም የሚለው ወሬ ስህተት ነው። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የኢትዮጵያ ነዋሪ የትም ባገኘው ገቢ ላይ ግብር አለበት።

ወረቀቱ «ተቋራጭ» ይላል፣ ሥራው ግን ቅጥር ነው

ከሁሉም በላይ የምንጠነቀቅለት ይህ ነው፣ ምክንያቱም ችግሩ የሚታየው ሰዎቹ ሲለያዩ ነው። ሰዓት የምትወስኑላት፣ ፈቃድ የምታስጠይቋት፣ ለሌላ እንዳትሠራ የምትከለክሏት ሰው ተቋራጭ አይደለችም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚያየው በአሠሪ መሪነት በደሞዝ መሥራቷን ነው፤ የወረቀቱ ርዕስ አያድንም። ቅጥር መሆኑ ከተረጋገጠ ከሕግ ውጭ የተሰናበተች ሠራተኛ ወደ ሥራ ካልተመለሰች የአማካይ ዕለታዊ ደሞዟን 180 እጥፍ ካሣ ልትጠይቅ ትችላለች። «በማንኛውም ጊዜ ያለ ምክንያት» የሚለው የአሜሪካ አንቀጽ እዚህ አይሠራም። በየዓመቱ የሚታደስ ውልም እንደዚሁ፤ ሥራው ቋሚ ከሆነ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። የሙከራ ጊዜ ካስፈለገ በጽሑፍ ይሁን፣ ከ60 የሥራ ቀን አይለፍ።

መውጫው ሁለት ነው። በእርግጥ በራሷ ሰዓት፣ በራሷ መሣሪያ፣ ለብዙ ደንበኛ የምትሠራ ከሆነ ቲን ቁጥርና ንግድ ፈቃድ አውጥታ በደረሰኝ ትሥራ። ቅጥር ከሆነ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገበና ሠራተኛ ለሌላ ድርጅት የማቅረብ ፈቃድ ያለው ተቋም በስሙ ይቅጠራት፤ በዘርፉ ኢኦአር የሚሉት አሠራር ነው። ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ኢኦአሮች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በአገር ውስጥ አጋር በኩል ስለሆነ የአጋሩን ስም፣ ንግድ ፈቃድና ቲን ጠይቁ። ከተፈራረማችሁ በኋላ ደግሞ ያለፈውን ወር የግብርና የጡረታ ማስገቢያ ደረሰኝ ከነስሟ ዝርዝር አስልኩ። ይህን ለማሳየት የሚያቅማማ ድርጅት ጋር አትቀጥሉ፤ ከደሞዟ የተቆረጠው ጡረታ ሳይገባ ቢቀር የምትጎዳው እሷ ናት።

ኢኦአር ግን ሁሉን አይሸፍንም። ሠራተኛችሁ ጎንደር ተቀምጣ በድርጅታችሁ ስም ውል የምትደራደርና የምትፈርም ከሆነ፣ ግብር ሰብሳቢው ድርጅታችሁን ኢትዮጵያ ውስጥ በቋሚነት እንደሚሠራ ድርጅት ቆጥሮ የንግድ ትርፍ ግብር ሊጠይቅ ይችላል። የፊርማ ሥልጣን ውጭ ይቅር። ሠራተኞቹ ሲበዙና ቢሮ ሲከፈት በኢኦአር መቀጠል አያዋጣም፤ ያኔ ራሳችሁን አስመዝግቡ።

ሰዓት፣ በዓልና መስመር

የዋሽንግተን ጠዋት 3 ሰዓት በበጋቸው ጎንደር ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው 11 ሰዓት። የእነሱን ሙሉ ቀን የምትሠራ ሰው እስከ ሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ትቆያለች። ጠዋትም ካሠራችኋት ትርፍ ሰዓት ነው፦ በቀን 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ። ውሉ ላይ የጎንደር ሰዓት ከ«ጠዋት» «ማታ» ጋር ይጻፍ፤ «3 ሰዓት» ብቻ ማለት ስብሰባ ያሳልፋል።

ጥር 11 ጥምቀት የሕዝብ በዓል ነው። ጎንደር ላይ ደግሞ በከተራው ዕለት፣ ጥር 10፣ ከቀትር በኋላ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ ይዘጋል። በዚያ ሳምንት ርክክብም የደሞዝ ቀንም አታድርጉ።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደሞዝ ይቆረጣል ወይ የሚለው ጥያቄ በውሉ ውስጥ መልስ ይኑረው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በሞባይል ብቻ የሚሠሩ ሰዎች ሥራ ቆመባቸው። የመደበኛ ብሮድባንድ መስመርና የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ወጪ አሠሪው ይሸፍን፣ ከሠራተኛዋ አቅም ውጭ የሆነ መቋረጥ እንደ መቅረት እንዳይቆጠር ይጻፍ።

ላፕቶፕ ከውጭ መላክ በቀረጥና በጉምሩክ ወረቀት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ገንዘቡን ልካችሁ እዚሁ ይገዛ፤ ደረሰኙ በማን ስም እንደሚሆንና ሥራው ሲያበቃ ዕቃው የማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ርክክብ ላይ ከመለያ ቁጥሩ ጋር ይፈረም።