ማዮማ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ቤት ውስጥ ማገገም

ሆድ ተከፍቶ ማዮማ (የማህፀን እጢ) ሲወጣ የላዩ ቁስል በሁለት ሳምንት ገደማ ይገጥማል፤ የውስጡ ግን ስድስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ጠያቂው የሚያየው የላዩን ነውና «ድነሻል እኮ» ይልሻል። አንቺ የውስጡን አስቢ።

መኝታሽ መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ከሆነ ከፍ ያለ አልጋ ፈልጊ። ትልቁ ፈተና መነሳት ነው። በጀርባሽ እንደተኛሽ ቀጥ ብለሽ ለመነሳት አትሞክሪ፤ ስፌቱን ይወጥረዋል። ጉልበትሽን እጠፊና በጎንሽ ዙሪ። እግርሽን ከአልጋው እያወረድሽ በክንድሽ አልጋውን ገፍተሽ ተቀመጪ። ማዞሩ እስኪለቅሽ እዚያው ቆዪ፣ ከዚያ ቁሚ። ሳል ሲመጣ የታጠፈ ጋቢ ስፌቱ ላይ አድርገሽ በእጅሽ ደግፊው።

እናትና አክስት «ኧረ እንዳትነሺ!» ይላሉ፤ ከፍቅር ነው። ግን ቀኑን ሙሉ መተኛት እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ መንገድ ይከፍታል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ በየተወሰነ ሰዓቱ ከመኝታ ቤት እስከ ግቢው በር ቀስ ብለሽ ተራመጂ።

ማስታገሻውን ሕመሙ እስኪበረታ ሳትጠብቂ በሰዓቱ ውሰጂ። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራም ከሆነ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። ትራማዶል የሚባለው ማስታገሻ ሆድ ያደርቃል፤ ማማጥ ደግሞ ስፌቱን ያሳምማል። አጥሚትና ገንፎ ብቻውን አይበቃም፤ ተልባ፣ ፓፓያ፣ ጎመንና ብዙ ውሃ ጨምሪበት። መጸዳጃችሁ ቁጢጥ የሚያስብል ከሆነ መሃሉ የተቆረጠ ወንበር ማሠራት ከማንኛውም ስጦታ ይበልጣል።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ነው፤ አትንኪው። ልጅሽን አታንሺ፤ ተቀምጠሽ ወደ ጎንሽ ይምጣ። ግንኙነትም ሐኪምሽ እስኪፈቅድ ይቆይ። ቁስሉ ላይ ቅቤም ሆነ ቅጠል አይደረግም።

ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ፣ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም መግል ከታየ፣ አንዱ ባትሽ አብጦ ካመመሽ፣ ሽንት እምቢ ካለሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በሌሊትም ቢሆን ሂጂ።

ልጅ መውለድ የምታስቢ ከሆነ፣ ለክትትል ስትሄጂ የማህፀኑ ግድግዳ ምን ያህል እንደተቆረጠ ጠይቂና በጽሑፍ ይሰጥሽ። ወደፊት በምጥ ትወልጃለሽ ወይስ በኦፕራሲዮን የሚለውን ሐኪሞች የሚወስኑት ይህን አይተው ነው። ወረቀቱን ከክትባት ካርድና ከመታወቂያ ጋር አንድ ቦታ አስቀምጪው።